በሁዳዴ የተወለደ ባንድ

ባንዳችን የተመሠረተው በጾም ምክንያት ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። አባቴ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ውስጥ ምግብ ቤት ነበረው። ከዓርብ እስከ እሑድ ማታ ማታ ሙዚቃ አለ። ቅበላ ካለፈ በኋላ ግን ኪቦርዱ በአቡጀዲ ይሸፈናል፣ ማይክሮፎኖቹ ካልሲ ይለብሳሉ፣ ሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች ደግሞ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እስከ ፋሲካ ይቀመጣሉ። ደንበኛ ስፒከሮቹ ለምን እንደዞሩ ሲጠይቅ አባቴ «እንዳያምራቸው ነው» ይል ነበር።

እኔ ያኔ ፎርም ፎር፣ የኬንያን ሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍል፣ ጨርሼ ውጤት የምጠብቅ ልጅ ነበርኩ። ናይሮቢ የመጣሁት በስድስት ዓመቴ ስለሆነ ስዋሂሊዬ ከአማርኛዬ ይፈጥናል። እናቴ አዲስ አበባ ሆና በርበሬውንና ሽሮውን ትልክልናለች፤ ቤቱን የምንይዘው አባቴና እኔ ነን። ምሳ ሰዓት አስተናግዳለሁ። ምሳ ካለቀ በኋላ እስኪመሽ ድረስ ቤቱ ጭር ይላል። ያ ጭርታ ነው እንግዲህ ጉዱን ያመጣው።

ግድግዳው ላይ አንድ ቤዝ ጊታር ተሰቅሎ ነበር። ባለቤቱ ድሮ እኛ ቤት ይጫወት የነበረ ሰው ነው። የስደተኝነት ፕሮሰሱ አልቆለት ወደ ውጭ ሲሄድ «ሻንጣዬ አይችለውም፣ ለማስታወሻ ይሁናችሁ» ብሎ ትቶት ሄደ። አባቴም ከእመቤታችን ሥዕልና ከንግድ ፈቃዱ መሀል ሰቀለው። ከዚያ ያወረድኩት እኔ ነኝ። አራት ክር ብቻ ስላለው ይቀላል ብዬ ነበር። አይቀልም።

ሌሎቹ ሁለት የባንዱ አባላት የክፍል ጓደኞቼ ናቸው። አንደኛው የሚዘፍነውም ጊታር የሚመታውም ኬንያዊ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ስልኩ ውስጥ ክሬዲት ኖሮት የማያውቅ። ሰው የሚፈልገው ፍላሽ እያደረገ ነው፤ አንዴ ጮኾ ይዘጋል፣ መልሰሽ የመደወሉ ዕዳ ያንቺ ነው። ሁለተኛው ድራመሩ ነው። አያቶቹ ከህንድ የመጡ፣ አባቱ ፓርክላንድስ ውስጥ ጎማ የሚሸጥ፣ በቀን ሦስት ቃል የማይናገር ልጅ። የክፍላችን ሰው ሁሉ ራፕ ሲሰማ እኛ ሦስታችን ጊታሩ የሚያጉረመርም፣ ዘፋኙ የሚያማርር ሮክ ነበር የምንሰማው። በዚህ ምክንያት ሌላ ጓደኛ አልነበረንም ማለት ይቻላል። የባንዱን ስም አልጽፈውም። ያኔ ጥልቅ ይመስለን ነበር፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

የመጀመሪያው ሁዳዴ ሲገባ አባቴን ለመንኩት።

«አባባ፣ ዕቃው እኮ ዝም ብሎ ነው የተቀመጠው። ከሰዓት ከሰዓት ጓዳ ውስጥ እንለማመድበት።»

«በሁዳዴ ዘፈን?»

«ልምምድ ነው።»

አሰበ። አባቴ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ አባል ነው፤ ሲያስብ ቄስም ነጋዴም ሆኖ ነው የሚያስበው። ከዚያ አንድ ቀን አንድ ዘፈን እንድናሰማው አዘዘን። አሰማነው። በሩ ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማና ፍርዱን ሰጠ።

«ዘፈን ማለት ትከሻ የሚያነቃንቅ ነገር ነው። ይሄ ያነቃነቀው የብርጭቆ መደርደሪያውን ብቻ ነው። ዘፈን ስላልሆነ ጾም አይሽርም። ዘፈን እስኪሆን ተለማመዱ። ዕቃው እስከ ፋሲካ የናንተ ነው።»

እንዲህ ተጀመረ። ሌሎች ባንዶች ጋራዥ ውስጥ ይወለዳሉ አሉ፤ እኛ የተወለድነው የጤፍ ጆንያና የሽንኩርት ከረጢት መሀል ነው። ዘፋኙ ከፍ ባለው ድምፅ ሲጮህ ምስር የምታማስለው ሴት «ልጁን ሐኪም ይየው» ትላለች። እኛ ግን ደስተኞች ነበርን። ፋሲካ ሲደርስ ስፒከሮቹ ፊታቸውን ወደ ሰው አዞሩ፣ እኛ ደግሞ ጓዛችንን ይዘን ፓርክላንድስ፣ የድራመሩ አባት የጎማ መጋዘን ገባን። በዚያ ዓመት የኛም የኬንያውያንም ፋሲካ በአንድ ቀን ነበር የዋለው። በየሱፐርማርኬቱ የቸኮላት እንቁላል በሚሸጥበት ሳምንት እኛ ቤት በግ ይታረዳል። ማንም ልብ አላለውም፤ እኔም አላልኩትም። ልብ ያላልኩት ነገር ነው ኋላ የጎዳኝ።

በጎማ መጋዘኑ ውስጥ ቀስ በቀስ ዘፈኖች ወጡልን። ከመካከላቸው አንዱ የኔ ነበር። ግጥሙ የዘፋኙ ነው፤ ግን ዘፈኑ በሙሉ የቆመው እኔ ባገኘኋት የቤዝ ዜማ ላይ ነው፤ የሚጀምረውም በቤዝ ብቻ ነው። ዘፋኙ እስከ አራተኛው ዙር ድረስ አፉን ዘግቶ መጠበቅ ነበረበት። ለሱ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያ ሥራችን ሩንዳ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ውስጥ የአንድ የዲፕሎማት ልጅ የልደት በዓል ነበር። በምግብ ቤቱ ፒክአፕ ሄድን። ፒክአፑ ከሰልና ሥጋ ስለሚጭን በሩ ላይ ያለው ዘበኛ በኩሽና በር በኩል ካልገባችሁ አለ። ሣር ላይ ገመዳችንን ዘረጋን። ሁለተኛውን ዘፈን ሳንጨርስ የልጁ እናት መጥታ በትሕትና «ትንሽ አፍሪካዊ የሆነ ነገር የላችሁም?» አለችን። ሦስታችን ተያየን። ናይሮቢ የተወለዱ ሁለት ልጆችና ከአዲስ አበባ የመጣሁ እኔ ቆመን አፍሪካዊ ነገር አጣን። ድራመሩ፣ ያ ዝምተኛ፣ «ይሄው ነው» አላት። ኬክ በሉና ሂዱ ተባልን። ኬኩ ጥሩ ነበር።

እዚያ ግቢ ውስጥ ግን አንዲት ሴት ሰምታን ኖሯል። በየዓመቱ በበዓል ቀን አንድ የስፖርት ክለብ ሜዳ ላይ የወጣት ባንዶች ቀን የምታዘጋጅ ሴት ናት። ከጥቂት ወራት በኋላ ለዘፋኙ ደወለች፤ በፋሲካ ማግስት ሰኞ ኑ አለችው። ኬንያ ውስጥ ያ ሰኞ ሥራ የለም፣ ሕዝቡ ሁሉ ይወጣል። ሮክ የሚጫወት ባንድ በዚያች ከተማ ውስጥ ከዚያ የተሻለ መድረክ አያገኝም። ዘፋኙ ዜናውን ሊነግረኝ የራሱን ክሬዲት ሞልቶ ደወለልኝ፤ ነገሩ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ያወቅሁት በዚያ ነው።

በዚያው ቀን አባቴን ጠየቅኩት።

«አባባ፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ አደባባይ ላይ ልንጫወት ነው።»

«ፋሲካ ይድረስ እንጂ እኔን ምን ቸገረኝ? እንደውም ስፒከሮቹን ውሰዷቸው። ሰኞ ቤቱ ሙዚቃ የለውም።»

እኔም «ፋሲካ» አልኩ፣ እሱም «ፋሲካ» አለ። ሁለታችንም ደስ ብሎን ተለያየን።

አሁን ስለ ምግብ ቤታችን ኪቦርድ ተጫዋች መናገር አለብኝ። ኤርትራዊ ነው፣ ያኔ ስድሳ ዓመት ያለፈው። አማርኛ የተማረው ከመንግሥት ለውጡ በፊት በአንድ የጦር ክፍል ኦርኬስትራ ውስጥ ሲሆን፣ ከኔ አማርኛ የሱ ይሻላል። በሙቀትም በዝናብም ግራጫ ሱፍ ከነክራቫቱ ይለብሳል። እኔ «ጋሼ» እለዋለሁ፣ እሱ «ጓለይ» ይለኛል፤ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። ሃይማኖቱ ካቶሊክ ነው፤ ከኬንያውያን ጋር ነው የሚያስቀድሰው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ማወቅና ማስተዋል ግን ለየቅል ናቸው። በዚያ በሁለተኛው ዓመት እኛ ገና በክትፎ ዓለም እያለን፣ ጋሼ አንድ ረቡዕ ግንባሩ ላይ አመድ ተቀብቶ መጣና ሽሮ አዘዘ። አባቴ «ቀደምከን እኮ ወንድሜ» ብሎ ቀለደበት። እኔ ራሴ ነኝ ሽሮውን ያቀረብኩለት። አመዱን አየሁት፣ ሽሮውን አስቀመጥኩለት፣ ሄድኩ።

ቅበላ አለፈ። ሰኞ ጠዋት ጋሼ እንደ ልማዱ ኪቦርዱን ሊሸፍን መጣ። አቡጀዲውን አንድ ጫፍ እሱ፣ አንድ ጫፍ እኔ ይዘን ስንዘረጋ፣

«ሦስት ሳምንት ነው የቀረኝ» አለ። «ከዚያ በዚህ ቤት ሥጋ የሚበላ እኔ ብቻ እሆናለሁ። ማን ይጠብስልኝ ይሆን?»

«የምን ሦስት ሳምንት ጋሼ? ጾሙ እኮ ዛሬ ገባ።»

«የናንተ ገባ። የኔ ሊወጣ ነው።»

የያዝኩትን ጫፍ ለቀቅኩት። የሱፐርማርኬቱ የቸኮላት እንቁላል፣ የጾማቸው መግቢያ የሆነው አመድ፣ ሽሮው፣ ሁሉም በአንዴ ገባኝ። ሁለቱ ፋሲካዎች አንዳንድ ዓመት አንድ ቀን ይውላሉ፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ በሳምንታት ይራራቃሉ። የባንዶቹ ቀን የኬንያ ፋሲካ ማግስት ነው። ያ ሰኞ ለኛ የሁዳዴ እኩሌታ እንኳን አይሞላም።

አንድ ሳምንት ሙሉ ለማንም ሳልናገር ተለማመድን። ዕቃው እንደ አምናው የኛ ሆኖ ነበርና ጓዳ ውስጥ ነው የምንለማመደው። በመጨረሻ ለአባቴ ነገርኩት። ሽንኩርት እየመረጠ ሰማኝ።

«በጾም አደባባይ ወጥቶ መዝፈን?» አለ።

«ዘፈን አይደለም ብለኸኝ ነበር። አምና። ጾም አይሽርም ብለህ ራስህ ፈርደሃል።» ይህን መልስ ሌሊቱን ሙሉ ሳዘጋጀው ነው ያደርኩት። የሚመልሰው ነገር ያለ አልመሰለኝም።

አባቴ የበሰበሰ ሽንኩርት አንድ ጥሎ ቀና አለ።

«አምና አልነበረም። ትናንት ግን ምስር የምታማስለው ሴትዮ ማማሰያዋን ይዛ ስትወዛወዝ አየኋት። ያችን የመጀመሪያዋን፣ ባንቺ ጊታር የምትጀምረውን ስትጫወቱ። ዘፈን ሆኗል፤ ምን ላድርግሽ?»

ልደሰት ወይ ልናደድ አላወቅሁም። ከአባቴ አፍ ስለ ሙዚቃዬ የወጣ የመጀመሪያው ምስጋና እሱ ነው፤ የመጣውም ሊከለክለኝ ነው። ደግሞ አልከለከለኝም። «ትልቅ ልጅ ነሽ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አለኝ። ዕቃውንም «እስከ ፋሲካ ብያለሁ፣ ቃል ቃል ነው፣ ልጆቹ ይውሰዱት» አለ። ቢከለክለኝ ይሻለኝ ነበር፤ ተደብቄ እሄድ፣ ወይም አልቅሼ እቀር ነበር። «አንቺ ታውቂያለሽ» ግን መውጫ የለውም።

ቀረሁ። ለምን እንደቀረሁ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ቅድስት ስለሆንኩ አይደለም። ከልጅነቴ ጀምሮ በሁዳዴ ዘፈን ሲቆም አይቻለሁ፤ ስፒከር ወደ ግድግዳ ሲዞር አይቼ አድጌያለሁ። በገዛ ቤቱ ሙዚቃ ዘግቶ ገበያውን ያጣ ሰው ልጁ ሜዳ ላይ ስትጨፍር ታየች ሲባል፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የሚያሳየው ፊት ታየኝ። ያን ፊት አልቻልኩትም። ጾሙም የራሴ ነበር፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

ለባንዱ ስነግራቸው ዘፋኙ ጦፈ።

«ወተት አትጠጪም፣ እሺ። እንቁላል አትበዪም፣ እሺ። ቤዝ ግን ኛማ ነው እንዴ?» አለኝ። ኛማ በስዋሂሊ ሥጋ ነው። ከዚያ ድምፁን ቀንሶ፣ የአጎቱ ልጅ የራሱ ቤዝ እንዳለው፣ ጾምም እንደማያውቅ ነገረኝ። ገባኝ። የአጎቱ ልጅ አንዴ ከገባ አይወጣም። ያ ባንድ በዚያን ጊዜ ለኔ ምን እንደነበረ ለማስረዳት ይከብደኛል። ትምህርት ቤት ውስጥ «የኢትዮጵያዋ ልጅ» ነበርኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «የኬንያዋ ልጅ»። ቅጽል ሳይጨመርልኝ የምጠራበት ቦታ እሱ ብቻ ነበር፤ እዚያ ቤዟ ነኝ።

ሲያመኝ የዋለውን ጋሼ ፊቴ ላይ አነበበ። ቡና እየጠጣ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት።

«የኔ ፋሲካ ያን ጊዜ አልፏል» አለ። «አንድ ቀን ቦታሽን ልያዝልሽ። የአጎት ልጅ ቦታ ይወስዳል፣ ሽማግሌ ቦታ ይይዛል።»

«ቤዝ ይችላሉ ጋሼ?»

«ኦርኬስትራ ስገባ የሰጡኝ ቤዝ ነው። ኪቦርድ የተማርኩት ቁጭ ተብሎ ስለሚሠራ ነው።»

ዘፋኙ በግድ ተስማማ። እኔም ጋሼን ማስተማር ጀመርኩ። ገና የሱም ጾም አልወጣም ነበር፤ እሱ ግን «አባትሽ ልምምድ ጾም አይሽርም ብሎ ፈርዷል» ብሎ ተቀመጠ። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሙዚቀኛ ከአንዲት ልጅ ሮክ ሲማር ማየት ነበር።

«ይሄ ዜማ መቼ ነው ወደ ሌላ የሚዞረው?» ይለኛል።

«አይዞርም ጋሼ።»

«እዚያው?»

«እዚያው።»

«ታዲያ ልጁ ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?»

«ፍቅረኛው ትታው ሄዳ ነው።»

«እንዲህ አንድ ቦታ ላይ ከተገተረ ማን ይቆይለታል?»

ግን ይዞታል። በሁለት ቀን ሁሉንም ያዘው።

ሰኞ ዕለት ስፒከር ተሸካሚ ሆኜ ሄድኩ። ሜዳው ሞልቷል። ድራመሩና ዘፋኙ የተቀደደ ጂንስ ለብሰዋል፤ ጋሼ ግራጫ ሱፉን፣ ክራቫቱን፣ ኮፍያውንና የተወለወለ ጫማውን። መድረክ ላይ ሲወጡ ሕዝቡ ሳቀ። እኔም ከፒክአፑ አጠገብ ቆሜ በሆዴ ይሳቅባቸው አልኩ፤ ክፉ ምኞት ነው፣ ግን አልኩ። ከዚያ ጋሼ ኮፍያውን አውልቆ አምፕሊፋየሩ ላይ አስቀመጠና የኔን ዘፈን ጀመረ። ቤዝ ብቻ። በሦስተኛው ዙር መጨረሻ ላይ፣ ዘፋኙ ሊገባ ሲል፣ እኔ ያላስተማርኩትን አንዲት ነገር ጨመረ። ከላይ ወደ ታች የምትወርድ አጭር ሩጫ ናት፤ አምስት ወይ ስድስት ድምፅ። ወርዳ ዘፋኙን እጁን ይዛ ወደ ዘፈኑ አስገባችው። ሳቁ ቆመ። ኬንያውያን ሽማግሌን ሲያከብሩ ምዜ ይላሉ፤ ከፊት ያሉት ልጆች «ምዜ! ምዜ!» ማለት ጀመሩ፣ ከዚያ ሜዳው በሙሉ ተቀበላቸው።

ቅናት ነው የተሰማኝ። ሌላ ስም ብሰጠው እዋሻለሁ። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁ። ከራሴ ዘፈን ውስጥ፣ ስንት ወር ስቆፍርበት ከኖርኩት፣ ሰውዬው በሁለት ቀን እኔ ያላየኋትን አወጣ። ፒክአፑ ውስጥ ገብቼ መስኮቱን ዘግቼ አለቀስኩ። ሲወርዱ አዘጋጇ ሴት ሮጣ መጣች፤ «ምዜውን እንዳትለቁት» ስትላቸው በተዘጋው መስኮት ሰማሁ።

አልለቀቁትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚህ ኑ፣ እዚያ ኑ የሚል ጥሪ መጣ፤ ሁሉም የሚፈልገው ሱፍ የለበሰውን ሽማግሌ ነው። ዘፋኙ የአጎቱን ልጅ ረሳው፤ እኔንም ረሳኝ መሰለኝ። የጾም ነገር ሆኖ ጋሼ ሥራ የለውም፣ ጊዜ አለው። እኔ በፊት ለፊቱ ክፍል በያይነቱ አቀርባለሁ፣ እነሱ በጓዳ ይለማመዳሉ። ትሪ ይዤ በኩሽናው ግድግዳ አጠገብ ሳልፍ ያቺ ሩጫ ትወርዳለች። አንዳንዴ እንድትመጣ ቆሜ እጠብቃታለሁ፤ ሰው «ልጅ፣ ውሃ!» እያለ ሲጣራ። ጋሼ ሊያናግረኝ ይሞክራል፤ እኔ አጭር መልስ እሰጠዋለሁ። ጥፋቱ ምን ነበር? ቦታሽን ልያዝልሽ አለ፣ ያዘ። በደንብ ያዘው እንጂ።

አባቴ ሁሉንም ያያል፤ ምንም አይልም። አንድ ቀን ብቻ ፍርፍር አቀረበልኝና «ለኔ ብለሽ ከሆነ የቀረሽው፣ አልጠየቅኩሽም» አለኝ።

«ላንተም ለኔም ነው» አልኩት።

«እንግዲያው ብዪ» አለኝ። በላሁ።

ፋሲካ ደረሰ። ስፒከሮቹ ዞሩ፣ አቡጀዲው ተነሳ፣ ጋሼ ወደ ኪቦርዱ ተመለሰ። ከዓርብ እስከ እሑድ ማታ ሥራ አለው፤ ባንዶች የሚጠሩትም ከዓርብ እስከ እሑድ ነው። በሳምንቱ ስልኬ አንዴ ጮኾ ዘጋ። መልሼ ደወልኩ።

«ምዜው ሥራ ጀመረ» አለ ዘፋኙ። «ሐሙስ ልምምድ አለ። ትመጫለሽ?»

እንዴት ነሽ የለ፣ ናፈቅሽን የለ። ሽማግሌው ስለታጣ ነው የተጠራሁት። ኩራት ቢኖረኝ አልሄድም ነበር። ቤዙን ጠቅልዬ ማታቱ ተሳፍሬ ፓርክላንድስ ሄድኩ። ጎማዎቹ መሀል ቆመን የኔን ዘፈን ጀመርኩ፤ ሦስተኛው ዙር መጨረሻ ላይ ስደርስ ያቺን ሩጫ ተጫወትኳት። ማንም አላስተማረኝም፤ በግድግዳ በኩል ስሰማት ከርሜ እጄ ያውቃታል። ከኔ ሐሳብ ስለምትሻል ነው የተጫወትኳት። ዘፋኙ ዞር ብሎ አየኝና በሰዓቱ ገባ። ስለዚያች ነገር አልተነጋገርንም። ከጋሼ ጋር ግን በማግስቱ ታረቅሁ፤ ሩጫዋን ኪቦርዱ አጠገብ ቆሜ ሳሰማው «አራተኛዋን ጣትሽን አትፍሪያት» ብሎ አረመኝ፣ በቃ።

ዓመቱን ሙሉ ተጫወትን። አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ገብተን አራት ዘፈን ቀዳን፤ ሬዲዮ አንዷን በእሑድ ማታ ፕሮግራም ሁለት ጊዜ አጫወታት። ሰው ያወቀን ጀመር። ባንዱ እያደገ ነበር፤ እኔ ግን ልቤ አላረፈም። በየመድረኩ ስር «ምዜው የት አለ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ቦታው ላይ የተቀመጥኩት እሱ ስለተነሳ እንደሆነ አውቃለሁ። በሚቀጥለው ሁዳዴ ምን እንደሚሆን እያሰብኩ እፈራ ነበር።

ቀጣዩ ሁዳዴ ገባ። ለልምምድ ወደ ጓዳችን ገና አልተመለስንም፤ የጎማ መጋዘኑ ውስጥ ነን። እኔ ክር እቃኛለሁ፣ ድራመሩ እንደተለመደው ዝም ብሏል፣ ዘፋኙ ከመንገድ የገዛውን ቋሊማ ይበላል። ስልኩ ጮኸ። አዘጋጇ ሴት ናት። ድምፅዋ አይሰማኝም፤ የሱን ብቻ ነው የምሰማው። ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ሳቀ፣ አመሰገነ። ከዚያ፣

«የትኛው ፋሲካ?» አለ።

ክሩን መቃኘት ተውኩ።

«አይ፣ ሁለት ነው። የእናንተ ሰኞ ለኛ ጾም ነው፤ ያውም የመጨረሻው ሳምንት፣ የከበደው።» በሌላ እጁ ቋሊማው አለ። «ሳምንት አሳልፋችሁ ብታደርጉት? … አይሆንም? … ገባኝ።»

አዳመጠ። የምትለውን መገመት አላቃተኝም፤ ምዜውን ይዛችሁ ኑ ነው።

«ምዜው ደህና ነው፣ አለ። ግን እሱ የባንዱ አይደለም፤ የምግብ ቤቱ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ቤዛችን ሌላ ናት … አዎ፣ ልጅቷ። … አይ፣ ያለሷ አንመጣም።» ቋሊማውን ጎማ ላይ አስቀመጠ። «ከርሞ ሁለቱም በአንድ ቀን ይውላሉ። ምዜውን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ከርሞ እንመጣለን።»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከተማው ውስጥ ያለውን ትልቁን መድረክ እንደ ቀላል ነገር መልሶ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ ጊታሩን አነሳ። ድራመሩ ዱላዎቹን አዘጋጀ። እኔ እንደ ሞኝ አየዋለሁ።

«ምን ታያለሽ?» አለኝ። «ጀምሪ እንጂ፣ አንቺን ነው የምንጠብቀው።»

ዘፈኑ የሚጀምረው በቤዝ ነበር። ጀመርኩ።